ጓጉንቸሩን ደጋግመው የሚስቡት ጋሽ እንድሪስ

የጋሽ እንድሪስን መርዶ የሰማሁት ቢቸና፣ በገበያ ቀን፣ ጤፍ ተራ ቆሜ ዋጋ ስከራከር ነው። ኔትወርክ ደስ ሲለው መጥቶ ደስ ሲለው የሚሄድበት ሰሞን ስለነበር፣ ስልኬ ለቀናት ዝም ብሎ ከርሞ በአንድ ጊዜ ይንጫጫ ጀመር። ተከታትለው ከገቡት የቆዩ መልእክቶች አንዱን የላከችው ሞጣ ውሃ አገልግሎት አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ናት። "ጋሽ እንድሪስ ዐረፉ፤ ትናንት ተቀበሩ" ይላል። የቱ ትናንት እንደሆነ አላወቅሁም። ክርክሩን ትቼ ወደ መንገዱ ዳር ወጣሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን እንባ አልነበረም። ታንከሩን ማን ዘጋው? ነው ያልኩት።

ጋሽ እንድሪስ ከሥራ ከተሰናበቱ ዓመታት አልፈዋል። የሞጣ ውሃ ታንከር ከሳቸው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። እንዲያም ሆኖ፣ እሳቸው ስለሌሉ ብቻ ኮረብታው ላይ ያለው ክዳን ገርበብ ብሎ ያደረ መሰለኝ። ሰው ተጨናቂ ሆኖ ይወለዳል ይላሉ። እኔ ግን መጨነቅን የተማርኩት ከጋሽ እንድሪስ ነው፤ ያውም ደመወዝ እየተከፈለኝ።

ሞጣ የገባሁት ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ የውሃ ጥራት ባለሙያ ሆኜ ነው። ሥራዬ ከየቦታው ውሃ በጠርሙስ እየቀዳሁ መመርመር፣ ክሎሪኑ በቂ መሆን አለመሆኑን ማየት ነበር። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ከከተማው የራቀው ነገር ሁሉ ኃላፊ ናቸው። ሜዳው ላይ ያሉት የጉድጓድ ፓምፖች፣ ኮረብታው ላይ ያለው ትልቁ ታንከር፣ ከከተማው በታች አፋፉ ላይ መጣጭ መኪናው የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚደፋበት ኩሬ፣ ሁሉም በሳቸው እጅ ነበር። እኔ ያለ እሳቸው የትም አልገባም። በሩን ሁሉ የሚከፍቱት እሳቸው፣ የሚዘጉትም እሳቸው።

ቀጠን ረዘም ያሉ ሰው ነበሩ። ነጭ ቆባቸው ከራሳቸው አይለይም፤ ቁልፎቹን በገመድ አስረው ከሸሚዛቸው ሥር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሏቸዋል። ሲራመዱ ደረታቸው ውስጥ ይንኳኳል፤ ስለዚህ ጋሽ እንድሪስ መምጣታቸውን ከማየታችን በፊት እንሰማለን። ቤተሰባቸው ሞጣ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ በንግድ የኖረ ነው፤ ወንድሞቻቸው ዛሬም ጨርቅ ይሸጣሉ። እሳቸው ብቻ ምን ነክቷቸው የመንግሥት ውሃ ሲጠብቁ እንደኖሩ ለዘመዶቻቸው አልገባቸውም። ሲጠየቁ፣ ወንድሞቼ ሱቃቸውን ዘግተው ይተኛሉ፣ እኔ ደግሞ ከዘጋሁ በኋላ ነው እንቅልፍ የማጣው እያሉ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው እውነት ነበረበት።

አንድ በር ዘግተው ሲሄዱ ማየት ነበር። ጓጉንቸሩን ይቆልፉታል፣ ይስቡታል። ጥቂት ይራመዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይስቡታል። መንገድ ከጀመርን በኋላ ፊታቸው ይለዋወጥና "አንቺ፣ ስስበው አይተሽኛል?" ይሉኛል። አይቻለሁ ስላቸው ደግሞ አያምኑኝም። ባጃጅ የሚነዱት ልጆች ከኮረብታው ሥር ሲያገኙን ከመጫናቸው በፊት "ጋሼ፣ ጨርሰው ስበዋል?" ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ከመንገድ ላይ ብዙ ጊዜ አስመልሰዋቸዋልና። እኔ በወጣትነቴ እስቅባቸው ነበር። አሁን በተዛወርኩበት ቢቸና የራሴን ታንከር ክዳን ዘግቼ ስወርድ የሚሆነውን የምናውቀው እኔና ባጃጆቹ ነን።

ሰላምታቸውም የተለየ ነበር። ፓምፕ ቤት ስንደርስ ዘበኛው እንዴት አደሩ ከማለቱ በፊት "ማን ገባ? ማን ወጣ?" ይላሉ። ዘበኛው ማንም አልገባም ካለ ደስ አይላቸውም። ማንም ካልገባ ይሄ ሣር ለምን ተረገጠ? ላም ናት ካላቸው ደግሞ፣ ላሟ የማን ናት? ጨዋታ አይደለም። አንድ ቀን ሳይጠየቅ የገባ ሰው ምን ይዞ እንደሚገባ አይታወቅም፣ ሰው ደግሞ ቧንቧውን ከፍቶ ዝም ብሎ ነው የሚጠጣው ይሉኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቴ ገብቼ ብርጭቆ ባነሳሁ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

ታንከሩ አናት ላይ ሲወጡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። መጀመሪያ ጊዜ ሳይ ገርሞኝ፣ "ጋሼ፣ እዚህም መስጊድ አለ እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ።

"ሰው የሚጠጣው ነገር ላይ በጫማ አልቆምም" አሉኝ። "አንቺም አውልቂ።"

አወለቅሁ። የሐምሌ ጠዋት ሲሚንቶው እግር ያደርቃል፤ እየተርበተበትኩ ነው ናሙና የምቀዳው። ከዚያ ወዲህ ግን በጫማ ወጥቼ አላውቅም።

ቁጡ ሰው መስለዋችሁ እንዳይሆን። የፍሳሹ ኩሬ ውስጥ የአንድ ገበሬ ጊደር ገብታ ከቀረች በኋላ ዙሪያውን በሽቦ አሳጠሩት። ብዙም ሳይቆይ ሽቦው በአንድ ወገን ተፈቶ ተወሰደ። እኛ ፖሊስ ይነገር አልን። ጋሽ እንድሪስ ዱላቸውን ይዘው ኩሬው አፍ ላይ ተቀመጡ፤ ከብትና ሰው እየመለሱ ዋሉ። ወሬ አይደበቅምና ሽቦው የት እንዳለ ሰሙ። እታች መንደር ሰርግ ነበር፣ ዳሱ የተወጠረው በኛ ሽቦ ነው። እሳቸውም ተጠርተው ነበርና ሄዱ። ለሙስሊም ወዳጆች ለብቻ ከተሰናዳው በሉ፣ ሙሽሮቹን መረቁ፣ ዓይናቸው ግን ከዳሱ ጣራ አልወረደም። ሲወጡ የሙሽራውን አባት ገለል አድርገው፣ ልጅዎ ደስ ብሎት ይዳር፣ እኔ ከመልሱ በኋላ ፒንሳ ይዤ እመጣለሁ አሏቸው። ከመልሱ በኋላ ሲሄዱ ሽቦው ተጠቅልሎ፣ ሰውየውም ትከሻቸውን አዘጋጅተው ጠበቋቸው። ተሸክመውት እስከ ኩሬው ድረስ አብረው መጡ። ጋሽ እንድሪስ ስለዚህ ነገር ቢሮ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም የሰማሁት ከሰውየው ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

ከታንከሩ አጥር ሥር፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት እማሆይ ወለተ ሚካኤል የሚባሉ መነኩሴ ይኖራሉ። ጥጥ ይፈትላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ከዚያ ውጭ ከቤታቸው አይለዩም። ጋሽ እንድሪስ ኮረብታውን ሲወጡም ሲወርዱም ሳይጠይቋቸው አያልፉም። የአገሩ ጸጥታ መታወክ ሲጀምር፣ አንዳንድ ቀን ከከተማው ወደ ኮረብታው መውጣት የማይቻል ሆነ። መንገድ ተዘግቶ ጋሽ እንድሪስ ከታች ቢቀሩ፣ ታንከሩን የሚከፍት ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ፣ በዕድሜ ከኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው፣ ሁለተኛው ቁልፍ ቢሮ ይቀመጥ አለ። ጋሽ እንድሪስ እምቢ አሉ። ቢሮ ማለት ማንም ማለት ነው ብለው ድርቅ አሉ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ለእማሆይ ይሰጥ ተባለ።

ሲሰጧቸው ነበርኩ። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ "እማሆይ፣ ይህ ውሃ የሁላችንም ነው፤ አደራ፣ ይጠብቁልኝ" አሏቸው። እማሆይ ቁልፉን ተሳልመው ከማተባቸው ጋር አሰሩት። እኔ አደራ በላ አይደለሁም አሉ። ጋሽ እንድሪስ ያን ቀን ሲወርዱ ጓጉንቸሩን ለመሳብ አልተመለሱም። እንዲህ ሲሆኑ አይቼ ስለማላውቅ እኔው ራሴ ዞር ዞር እያልኩ ነበር የምወርደው።

በዚያው ክረምት አተት በዙሪያው ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ገባ ተባለ። ሰው ያለማቋረጥ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ካልደረሱለት ይሞታል። በሽታው የሚተላለፈው በውሃ ስለሆነ የሁሉም ዓይን እኛ ላይ ነበር። ክሎሪን የጫነው መኪና ደግሞ መንገድ ተዘግቶበት አልደረሰም። የቀረችንን ክሎሪን እየቆጠብን በየጠዋቱ ወደ ታንከሩ እወጣለሁ። ማታ ማታ የተከራየሁበት ግቢ ልጆች ከቧንቧው ሲጠጡ በመስኮት እያየሁ፣ ዛሬ የለካሁትን በትክክል ለክቻለሁ? እያልኩ እጨነቃለሁ።

አንድ ረፋድ ከጋሽ እንድሪስ ጋር ወጣን። ጫማችንን አወለቅን። ክዳኑን ሲያነሱት ውሃው ላይ ግራጫ ዱቄት ተንሳፍፏል። ጥቂት አይደለም፤ ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ እስከ መሐል ተዘርግቷል። ተያየን። የጋሽ እንድሪስ ከንፈር ደረቀ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ውረጂና ቫልቩን ዝጊ" አሉኝ።

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ማዞሪያው ጠንክሮብኝ በደረቴ ተደግፌ ነው ያዞርኩት። እያዞርኩ ጠዋት የጠጣሁት ሻይ ትዝ አለኝ። እኔ ጠጥቻለሁ። የግቢው ልጆች ጠጥተዋል። ሆስፒታሉ ከዚህ ነው የሚቀዳው፣ ትምህርት ቤቱም ከዚህ ነው። መርዝ ከሆነ ከተማው ገና ሳይሰማው አልቆለታል። ወደ ታች ሳይ ባጃጆቹ እንደወትሮው ይመላለሳሉ፣ ሴቶች ከቦኖ ውሃ ቀድተው ይወጣሉ። ጮክ ብዬ አትጠጡ ማለት ፈለግሁ፣ ከዚያ ርቀት ግን የሚሰማኝ የለም።

ተመልሼ ስወጣ ጋሽ እንድሪስ ጓጉንቸሩን እጃቸው ላይ ይዘው ያገላብጡታል። "አልተሰበረም" አሉኝ። "በቁልፍ ነው የተከፈተው።"

ቁልፉ ያለው ደግሞ እሳቸው አንገት ላይና እማሆይ አንገት ላይ ነው። ወደ ቆርቆሮ ቤቷ ወረድን። እማሆይ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ሲያዩን ፊታቸው በራ።

"እማሆይ፣ ታንከሩን ከፍተው ነበር?" አሉ ጋሽ እንድሪስ።

"ከፈትኩ እንጂ። ገደሉ ሥር ካለው ጸበል አንድ ጀሪካን አስቀድቼ፣ በጀርባዬ አዝዬ አምጥቼ ጨመርኩበት። ከላዩም እምነቱን ነሰነስኩበት። በሽታው ወደ ከተማችን እንዳይገባ ብዬ።" የኛን ፊት ሲያዩ ግራ ገባቸው። "አደራ ብለውኝ የለም? እኔ የማውቀው ጥበቃ ይሄው ነው።"

እምነት ማለት ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰድ፣ ሕመምተኛ የሚቀባው አመድ ነው። መርዝ እንዳልሆነ ስሰማ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ ሁሉ አማረኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ያን ጸበል አውቀዋለሁ፣ እኔም ተጠምቄበታለሁ፣ አላቃልለውም። በዚያ ሰሞን ግን በአተት የተያዘው ሁሉ ቤተሰቡ ይዞት የሚወርደው ወደዚያው ቦታ ነበር። ሰው ከሚታጠብበት ተቀድቶ የመጣ ጀሪካን ነው ታንከራችን ውስጥ የገባው። ክሎሪን ቢኖረኝ አብዝቼ ጨምሬበት፣ ዘግቼ አቆየው ነበር። የነበረችኝ ግን ለዚያ አትበቃም። የበሽታውን ተህዋስ የሚመረምር ላቦራቶሪ ወዳለበት ከተማ ናሙና ልኬ ውጤት እንዳልጠብቅ መንገዱ ዝግ ነው። ስለዚህ ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ ውሃ መደፋት አለበት። መብራት ከጠፋ ደግሞ ታንከሩ መቼ እንደሚሞላ አይታወቅም።

ከእማሆይ ራቅ ብለን ቆምን። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለሥራ አስኪያጁ እንንገረው አልኩ። ጋሽ እንድሪስ እጄን ያዙ።

"ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ? ታንከሩ ውስጥ ዱቄት የጨመረ ሰው ተገኘ ሲባል፣ በዚህ ጊዜ እምነት ነው ብሎ የሚሰማ አለ? አሁን መጥተው ይወስዷቸዋል። በዚያ ዕድሜያቸው ከታሰሩ አይወጡም።" ወደ ታች ወደ ከተማው አዩ። "ደግሞ ጸበል የተጨመረበትን ውሃ ሜዳ ላይ የደፋው ማነው? እንድሪስ ነው ሲባል ደግሞ..."

አልጨረሱትም፤ መጨረስም አላስፈለጋቸውም። ሞጣ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ተጋርቶ፣ ሰርግና ለቅሶ ተካፍሎ ነው የሚኖረው። እንዲህ ባለ ሰሞን ግን ያን ሁሉ ለማበላሸት ግማሽ ወሬ እንደሚበቃ ሁለታችንም እናውቃለን። እስከዚያች ሰዓት የፈራሁት ውሃውን ነበር፣ ከዚያ በኋላ ሰውን ፈራሁ።

ጋሽ እንድሪስ ወደ እማሆይ ተመለሱና ታንከሩ ደለል ስለያዘ ዛሬ መታጠብ አለበት አሏቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ "ጸበሉ ግን የት ይፍሰስ? ሰው የማይረግጠው ቦታ የት ነው?" ብለው ጠየቁ።

እማሆይ ትንሽ አሰቡ። ከኮረብታው በስተጀርባ ወዳለው የቤተ ክርስቲያኑ ደን በጣታቸው አመለከቱ። ከጽዶቹ ሥር ቢሆን ማንም አይረግጠውም አሉ። ለምን ይፈስሳል ብለው አልጠየቁም።

የታንከሩ ማስወጫ ቱቦ ውሃውን የሚጥለው ወደ መንገዱ ቦይ ነው፤ ቦዩ ደግሞ በየሽንት ቤቱ ጀርባ አልፎ ነው የሚሄደው። ጋሽ እንድሪስ ከዕቃ ማስቀመጫው ጎጆ ዶማ አወጡ። እኔ አካፋ ያዝኩ። ከቱቦው አፍ ጀምረን ወደ ደኑ አዲስ ቦይ ቆፈርን። መሬቱ የክረምት ጭቃ ስለሆነ ይታዘዛል፣ ቢሆንም እሳቸው ወጣት አልነበሩም። ትንፋሻቸው ያጥራል፤ ያርፋሉ፤ ጮክ ብለው ሳይሆን ለራሳቸው ያህል አንድ ዱዓ ይሉና ዶማውን ያነሣሉ። መንገደኛ ቆሞ ምን እየሠራችሁ ነው ሲል፣ ጎርፍ እንዳይበላው ነው ይሉታል። ከታች ከተማው ቧንቧው ደርቆበት መጮህ ጀምሯል። ቦኖው ጋ ጀሪካን የተሰለፈው እየበዛ ሲሄድ ይታየኛል። ስልካቸው ይጠራል፣ አያነሱም። እኔ አንዴ ደመናውን፣ አንዴ የመብራቱን ገመድ፣ አንዴ መንገዱን እያየሁ፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይደርስ ቦዩ ደኑ ጋ እንዲደርስ እለምናለሁ።

ደረሰ። ማስወጫውን ከፈቱት። ውሃው እየገነፈለ በአዲሱ ቦይ ሄደ፣ ጽዶቹ ሥር ተንጣለለ። ጋሽ እንድሪስ ባዶ እግራቸውን ቆመው፣ የመጨረሻው ድፍርስ እስኪወጣ አልተንቀሳቀሱም። አብረን ገብተን ግድግዳውን ፋቅን፣ በቀረችው ክሎሪን አጠብነው። ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ። "አንቺ ጠርሙስሽን ይዘሽ ነው የመጣሽው። ሌላ ያየሽው ነገር የለም" አሉኝ። ልመናም ትእዛዝም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሲደርስ ፊቱ ጠቁሯል። ጋሽ እንድሪስ ሳይጠየቁ ቀደሙት። "ትናንት ሳልዘጋው ነው የወረድኩት። አይጥ ገብቶበት አገኘነው፣ ደፋነው። ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሥራ አስኪያጁ እሳቸውን አየ፣ አዲሱን ቦይ አየ፣ እኔንም አየኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ነገሩን ከመመርመር ማመን የቀለለው ይመስል፣ እሺ ብሎ ወረደ።

የፈራሁት ደረሰ፤ ያን ምሽት መብራት ጠፋ። ሞጣ ለቀናት ውሃ አላገኘችም። ሰው ከወንዝ ቀዳ፤ ከወንዙ ውሃ የታመመ ይኑር አይኑር ዛሬም አላውቅም፣ ባሰብኩት ቁጥር ግን ይጨንቀኛል። ከታንከሩ ውሃ ታመመ የተባለ ሰው አልሰማሁም። ባይደፋ ይታመም ነበር ወይ? እሱንም አላውቅም። በየሻይ ቤቱ የጋሽ እንድሪስ ስም ይነሣ ነበር። አርጅተዋል፣ ጃጅተዋል፣ ከተማውን በጥማት ፈጁት ተባለ። ጣቢያ ወስደው አቆይተው ጠየቋቸው፤ ያችኑ ቃል ደጋግመው ተናገሩ፣ ለቀቋቸው። ከዚያ በቸልተኝነት ከሥራ ተሰናበቱ። ቸልተኝነት! ከዚህ ቃል የባሰ ለሳቸው የማይስማማ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

ወንድማቸው ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለኩ ተቀመጡ። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ውሃው አንሥተን አናውቅም። እኔ ወደ ቢቸና ከተዛወርኩ በኋላ አልፎ አልፎ ይደውሉልኝ ነበር። ጤንነቴን ከመጠየቃቸው በፊት፣ አንቺ፣ ያንቺ ክዳን እንዴት ነው? ይሉኛል። አንድ ጊዜ፣ ጋሼ፣ እውነቱን ብንናገርስ? አልኳቸው። "እማሆይ ደህና ናቸው" አሉኝ። መልሳቸው ያ ነበር።

መርዶውን በሰማሁ ማግስት መንገዱ ተከፍቷል ስለተባለ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄድኩ። ሚኒባሱ በቆመ ቁጥር ሊመልሱን ነው እያልኩ ልቤ ሲንጠለጠል ውሎ አመሻሹ ላይ ደረስኩ። ግቢያቸው ድንኳን ተጥሏል፤ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸውን እትዬ ዘይነባን አቅፌ አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል፣ ሥራ አስኪያጁ ከወንዶቹ መሐል፣ እማሆይ ደግሞ ከሴቶቹ መሐል መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠው አየሁ። በጣም አርጅተዋል።

ሰው ስለ ሟች ማውራት ጀምሮ ነበር። ስለ ደግነታቸው፣ ስለ ባጃጆቹ፣ ስለ ሰርጉ ሽቦ ተነሣ፤ ፈገግ ያለም ነበር። ከወንዶቹ አንዱ በቅንነት፣ ምን ዋጋ አለው፣ ያን ቀን መቆለፉን ባይረሱት ኖሮ በክብር ጡረታ ይወጡ ነበር አለ።

እማሆይ ተነሡ።

"አልረሱም" አሉ። ድምፃቸው ደካማ ነው፣ ግን እስከ ድንኳኑ ጫፍ ተሰማ። "የከፈትኩት እኔ ነኝ። በሽታው እንዳይገባ ብዬ ጸበልና እምነት ጨመርኩበት። እሳቸው ረሳሁ ያሉት እኔን ብለው ነው።"

ማን ማን እንደተቀመጠ በዓይኔ ዞርኩ። ከእነዚህ ውስጥ ነገ ይህን ወስዶ የሚናገር አለ ወይስ የለም? ጋሽ እንድሪስ ስማቸውን ሰጥተው የዘጉት ነገር ሁሉ በራሳቸው ለቅሶ ላይ ሊከፈት ነው? እትዬ ዘይነባ ተነሥተው የእማሆይን ክንድ ያዙ፣ ደክሞዎታል፣ ይቀመጡ እያሉ። እሳቸውም ያውቁ እንደነበር ያን ጊዜ ከፊታቸው አነበብኩ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይቀመጡ፣ እማሆይ" አለ ለስለስ ብሎ። "ማንም አይነካዎትም። እኛም ያኔ አላመንናቸውም። ጋሽ እንድሪስ ሳይዘጉ ወረዱ ቢባል ሞጣ ውስጥ ማን ያምናል? ሰው ሊያድኑ እንደሆነ ገብቶናል። ማንን እንደሆነ ላለማወቅ ብለን ነው ሳንጠይቃቸው የቀረነው።"

ሊያጽናናቸው ብሎ ነው። ከወንዶቹ ወገን ብዙ ራስ ተነቀነቀ፤ ሴቶቹም እንዴታ፣ ማን አመነ አሉ። በዚያ ሁሉ ዓመት በየሻይ ቤቱ ያሟቸው ሰዎች አንዳቸውም አላመኑም ነበር። እኔ ብቻዬን የተሸከምኩት የመሰለኝን ምሥጢር ግማሹን ከተማው በሙሉ ሲያውቀው ኖሯል። እፎይ ማለት ነበረብኝ።

እማሆይ ግን አልተቀመጡም። የእትዬ ዘይነባን እጅ ቀስ አድርገው ከክንዳቸው አላቀቁና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

"ካላመናችኋቸው ታዲያ ለምን አባረራችኋቸው?"

ሥራ አስኪያጁ አጎንብሶ ምንጣፉን ያይ ጀመር። እኔም ዓይኔን ከምንጣፉ አላነሣሁም። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ መልሱን እየጠበቁ፣ እንደቆሙ ቀሩ።